ሁለት ልብ የሆነ ደንበኛ፣ አፉ የሚቀድመው ኮች፦ የሥነ ልቦና ዘዴዎችና የሙያ ድጋፍ በኮቺንግ ሥራ

«ችግሬ ይኼ ነው፤ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» በአማርኛ የሚሰጥ ኮቺንግ (ሰው የራሱን መልስ ራሱ እንዲያገኝ በጥያቄና በማድመጥ የሚደረግ የሙያ ድጋፍ፤ ሰጪው ኮች ይባላል) ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ የሚቀመጥበት፣ ልብ ሲከብድ ወደ ንስሐ አባት ወይም ወደ ሼህ የሚኬድበት፣ ሥራ ሲለወጥ ታላቅ ወንድም የሚጠየቅበት አገር ነውና ደንበኛው ምክር መጠበቁ አያስገርምም። ችግሩ ኮቹም ያደገው እዚያው ቤት መሆኑ ነው፤ ጥያቄውን ሰምቶ ሳይጨርስ «እኔ ብሆን…» ብሎ ይጀምራል። ደንበኛው «ልክ ነህ» ይላል፣ ያመሰግናል፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ምንም ሳያደርግ ይመጣል፤ ከዚያ «ሥራ በዛብኝ» ብሎ ይቀራል። ብዙውን ጊዜ የሚያስቀረው አለመስማማት ሳይሆን ይሉኝታ ነው፤ የተመከረውን ሳይፈጽም መካሪውን ፊት ለፊት ማየት ያሳፍረዋል።

የሥነ ልቦና ዘዴዎች ለኮች የሚጠቅሙት በዚህ ቦታ ነው፤ በምክር ፋንታ የሚያዝ ነገር ይሰጡታል። ነገር ግን ዘዴዎቹ ከሕክምና ክፍል የመጡ ስለሆኑ ያለ ወሰንና ያለ ተመልካች ሲያዙ አደጋ አላቸው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ግማሹ ስለ ዘዴው፣ ግማሹ ደግሞ የት እንደሚቆምና ኮቹን ራሱን ማን እንደሚያየው ነው።

ውሉ

ከመጀመሪያው ቀጠሮ ግማሹን ለውል ይተዉት። ውል ስንል ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ማለታችን አይደለም፤ በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል። ስንት ጊዜ እንደምትገናኙ ይጻፍ፤ ለጀማሪ ስድስት ቀጠሮ፣ እያንዳንዱ 60 ደቂቃ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ቆም ብሎ መመዘን አብሮ ይጻፍ። ክፍያውና ቀጠሮ ከስንት ሰዓት በፊት እንደሚሰረዝ ይግባበት። ኮቹ በሽታ እንደማይለይ፣ እንደማያክምና መድኃኒትን በተመለከተ ምንም እንደማይል በግልጽ ይቀመጥ።

ምስጢርን በተመለከተ «ሁሉም በመካከላችን ይቀራል» ብለው ቃል አይግቡ፤ እውነት አይደለምና። የሚወጣበት ሁኔታ አለ፦ ደንበኛው የራሱን ሕይወት ወይም የሌላ ሰውን ሕይወት አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ሕግ ሲያስገድድ። ሌላም አለ፦ ኮቹ ስለ ሥራው ከሱፐርቫይዘር (የኮቹን ሥራ አብሮት ከሚያይ ባለሙያ) ጋር እንደሚነጋገር፣ የደንበኛውን ስምና ማንነቱን የሚያሳውቅ ነገር ግን እንደማያነሣ። ይህን ዐረፍተ ነገር የሚዘሉ ኮቾች ብዙ ናቸው፤ በኋላ ድጋፍ ሲፈልጉ ምስጢር እንዳወጡ ይሰማቸውና ዝም ይላሉ።

ከፋዩ መሥሪያ ቤት ሲሆን ውሉ ባለ ሦስት ወገን ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ምን እንደሚሰማ ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ይጻፍ፤ መገኘቱንና አስቀድሞ የተስማሙበትን ግብ ብቻ። አለበለዚያ በሁለተኛው ወር ስልክ ይደወልና «እንዴት ነው ልጁ? ለውጥ አለው?» ይባላሉ። «ጥሩ ነው» የሚለው መልስ እንኳ መረጃ ነው። «እሱን ራሱን ቢጠይቁት ይሻላል፤ ከፈለጋችሁ በሦስተኛው ቀጠሮ ሦስታችንም እንቀመጣለን» የሚለውን አስቀድመው ይለማመዱት።

በዚሁ በመጀመሪያው ቀጠሮ አራት ጥያቄዎች ይጠየቁ፦ እንቅልፍና ምግብ እንዴት ነው? አሁን የሚወስዱት መድኃኒት ወይም የሚከታተሉት ሐኪም አለ? ከዚህ በፊት የሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ሄደው ያውቃሉ? ወደዚህ እንደመጡ የሚያውቅ ሰው አለ? አራተኛው ተራ ጥያቄ ይመስላል፤ «ማንም አያውቅም» የሚል ሰው ግን ምን ያህል ብቻውን እንደተሸከመ በአንድ ቃል ነገረዎት ማለት ነው።

አጠራርም የውሉ አካል ነው። የ28 ዓመት ኮች የ55 ዓመት ሥራ አስኪያጅን «ጋሼ» ብሎ ከጀመረ ታናሽነቱን በራሱ አንደበት አጽድቋል፤ ከሦስት ደቂቃ በኋላ የሚመከረው እሱ ይሆናል። «አቶ» ከስም ጋርና «እርስዎ» አክብሮቱንም ርቀቱንም ይጠብቃሉ። «አንተ በለኝ» ካሉ ደግሞ ይቀበሉ፤ ግን እሳቸው ይበሉ እንጂ እርስዎ አይጀምሩት።

አዲስ አበባ ሰፊ ትምሰል እንጂ ሁለትና ሦስት ሰው ከቆጠሩ ይተዋወቃሉ፤ በውጭ አገር ያለው ማኅበረሰብ ደግሞ ከዚያም ይጠባል፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ምግብ ቤቱ አንድ ነው። ዕድር የሚጋሩትን ሰው ሁሉ እምቢ ማለት አይቻልም። የማያሻማው ወሰን ይኼ ነው፦ ገንዘብ፣ ሥጋ ዝምድና ወይም አለቃ የሚጋሩትን ሰው አይያዙ፤ ለሌላ ኮች ያስተላልፉ።

ማድመጥ፣ «ለምን»ን መተው

ዊልያም ሚለርና ስቲቨን ሮልኒክ ያዳበሩት የማነሣሣት ቃለ ምልልስ መነሻው የመጠጥ ሱስ ሕክምና ነበር። መሠረታዊ ሐሳቡ አማርኛ አስቀድሞ ስም ያወጣለት ነገር ነው፦ ሁለት ልብ መሆን። ሁለት ልብ የሆነን ሰው ወደ አንዱ ወገን ሲገፉት እሱ ለሌላው ወገን ጠበቃ ይቆማል።

ደንበኛው «ባንኩን ልልቀቅና የራሴን ሥራ ልጀምር እላለሁ፤ ግን ልጆቹስ?» አለ እንበል። ኮቹ «ድፍረት ነው የጎደለህ፤ ጀምረው!» ሲለው፣ «አይ፣ አንተ አታውቅም፤ የቤት ኪራዩ፣ የትምህርት ቤቱ…» ብሎ እንዳይለቅ የሚያደርጉትን ምክንያቶች መደርደር ይጀምራል። ሰው ደግሞ በራሱ አፍ የተናገረውን ያምናል። በዚህ ፋንታ የሰሙትን መልሰው ይስጡት፦ «አንድ ልብህ ልቀቅ ይልሃል፤ አንዱ ደግሞ የልጆቹን ነገር ያነሣል።» የሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውስጥ ይገባል። ለአንድ ጥያቄ ሁለት እንዲህ ያለ መመለስ ጥሩ ልክ ነው። ጀማሪዎች ጥያቄ በጥያቄ ላይ ይደረድሩና ክፍሉ ፖሊስ ጣቢያ ይመስላል።

«ለምን» የሚለው ቃል በአማርኛ ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ከልጅነት ጀምሮ የሰማነው በተቆጣ ሰው አፍ ነው። «ለምን ዘገየህ?» ሲባል የሚመጣው ሰበብ ነው። «ምን ያዘህ?»፣ «እንዴት ሆነና?»፣ «ከየት የመጣ ይመስልሃል?» ያንኑ መረጃ ያለ ጥፋተኝነት ያመጣሉ። የአንድ ቀጠሮ ድምፅ ቀድተው (በፈቃድ) «ለምን» ያሉበትን ቢቆጥሩ ሊደነግጡ ይችላሉ።

የዝግጁነት መለኪያው ከ0 እስከ 10 ነው፦ «ይህ ለውጥ ምን ያህል ያስፈልግሃል?»፣ ቀጥሎም «አደርገዋለሁ ብለህ ምን ያህል ታምናለህ?» 5 ካለ «እንዴት 2 ወይም 3 አላልክም?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያኔ ለለውጡ ያሉትን ምክንያቶች ይናገራል። «ለምን 8 አልሆነም?» ከተባለ እንቅፋቶቹን ይቆጥራል። እኛ ዘንድ አንድ ችግር አለው፤ ከ10 ስንት መባል የፈተና ውጤት ይመስላልና ሰው በይሉኝታ 7 ወይም 8 ይሰጣል። ወረቀት ላይ መሰላል ሥለው «የትኛው ደረጃ ላይ ቆመሃል?» ቢሉት ቁጥሩ ወደ እውነቱ ይቀርባል።

ዝምታንም ይቻሉት። ከጥያቄ በኋላ እስከ 10 ሰከንድ መጠበቅ ረጅም ይመስላል፤ ግን ሰው የሚያስበው ያኔ ነው። ትንፋሽ ወደ ውስጥ እየሳብን የምንላት «አዎ» ደግሞ ለእኛ «እየሰማሁ ነው» ማለት ናት፤ ውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ደንበኛ በስልክ ሲሰማት ግን የደነገጡ ሊመስለው ይችላል። አንድ ጊዜ ማስረዳት ይበቃል።

ተአምሩን ሳይጠሩ

ስቲቭ ዴ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ በአሜሪካዋ ሚልዋኪ ከተማ ያዳበሩት መፍትሔ ላይ ያተኮረ አሠራር ለኮች በጣም ይመቻል፤ የችግሩን ሥር ከመቆፈር ችግሩ የሌለበትን ጊዜ መፈለግ ይመርጣልና። «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ከአለቃህ ጋር ሳትጋጭ የዋልክበት ቀን ነበር? ያን ቀን ምን የተለየ ነገር አደረግህ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን የአንድ ቀጠሮ ሥራ ነው።

ታዋቂው «የተአምር ጥያቄ» ግን በቀጥታ ሲገለበጥ ይከሽፋል። «ሌሊት ተአምር ቢፈጠር…» ሲባል ሃይማኖተኛ ደንበኛ ነገሩን ወደ ባለቤቱ ይመልሰዋል፦ «እሱ ያውቃል፤ ከፈቀደ።» ውይይቱ እዚያ ያልቃል። እንዲህ ሲባል ይሠራል፦ «ነገ ጠዋት ስትነሺ ይህ ነገር ተስተካክሎ አደረ እንበል። መጀመሪያ የምታስተውይው ምንድን ነው? ቡና ስትፈላ ምን ትያለሽ? እናትሽስ ሳትነግሪያት በምን ታውቃለች?» የመጨረሻው ጥያቄ ሌላው ሰው ሊያየው የሚችል ምልክት ስለሚጠይቅ መልሱ ተጨባጭ ይሆናል። «ደስ ይለኛል» ካለች «ደስ ብሎሽ ምን ስታደርጊ ነው የምታይሽ?» ብለው ይቀጥሉ።

ይሉኝታ የአስተሳሰብ ስህተት አይደለም

አልበርት ኤሊስ በ1950ዎቹ የጀመረው አካሄድ ሦስት ነገር ይለያል፦ የሆነው ነገር፣ ስለ ሆነው ነገር ለራሳችን የነገርነው፣ ከዚያ የተከተለው ስሜትና ድርጊት። ሰው የመጀመሪያው ሦስተኛውን በቀጥታ ያመጣው ይመስለዋል፤ ሥራው መካከለኛውን ማውጣት ነው። ወረቀቱን በሦስት ዓምድ ይክፈሉና ከሦስተኛው ይጀምሩ፤ ሰው ስሜቱን ከሐሳቡ በፊት ያስታውሳልና።

ዱባይ የምትሠራ ሴት እንውሰድ። የሆነው፦ ወንድሟ ለባጃጅ ቅድመ ክፍያ ገንዘብ እንድትልክ ጻፈላት። የተከተለው፦ ከጓደኛዋ ተበድራ ላከች፣ ተናደደች፣ ሁለት ሳምንት ወደ ቤት አልደወለችም። መካከል ላይ ያለው፦ «እምቢ ካልኩ ጨካኝ ነች ይሉኛል፤ ቤተሰቡ ይበተናል።»

አንድ ጀማሪ ኮች ዘልሎ «ሰው ምን እንደሚል አያስጨንቅሽ» ይላታል። ይህ ከመጽሐፍ የተለቀመ፣ ለእሷ ሕይወት የማይሆን አባባል ነው። ሰው የሚለው ነገር በእርግጥ ውጤት አለው፤ ወደፊት ስትታመም የሚያስታምማት፣ ስታገባ የሚሰበሰበው ይኸው ሰው ነው። ስለዚህ መካከለኛውን ዓምድ እንደገና ለሦስት ይክፈሉት። «ቤተሰቤን መርዳት እፈልጋለሁ» እሴት ነው፤ አይነካም፣ እንዲያውም ይከበራል። «እምቢ ካልኩ ይቆርጡኛል» ትንበያ ነው፤ ሊፈተን ይችላል። «የተጠየቅሁትን ሁሉ፣ ሁልጊዜ» ደንብ ነው፤ ድርድር ይቀበላል።

ከዚያ ትንሽ ሙከራ ይነደፋል። ሙከራው «እምቢ» ማለት አይሁን፤ ያ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣም ትልቅ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ፦ «በዚህ ወር ያለኝ ይኼን ያህል ነው፤ የቀረውን ሐምሌ ላይ እናየዋለን።» ከመላኳ በፊት ይሆናል ብላ የምትፈራውንና ምን ያህል እንደምታምነው ከ100 ትጽፋለች፤ ከሳምንት በኋላ የሆነውን ከጎኑ ትጽፋለች። ወንድሟ ቢቆጣስ? ያም መረጃ ነው፤ ስንት ቀን ተቆጣ? ማን አስታረቀ? ከዚያ ወዲያ ምን ተለወጠ? የሙከራው ዓላማ «ተሳስተሻል» ማለት አይደለም፤ ፍርሃቱ ከሆነው ነገር ጋር ፊት ለፊት እንዲቀመጥ ነው።

እዚህ የሚበላሹት ነገሮች ይታወቃሉ። ኮቹ ዐቃቤ ሕግ ይሆንና ሐሳቧን እየመታ ይጥላል፤ እሷም «እሺ፣ እሺ» ትላለች። ሁለት «እሺ» በተከታታይ ከሰሙ ይቁሙና «የትኛው ላይ አልተስማማሽም?» ይበሉ። የቤት ሥራ ወረቀቱም ሳይሞላ ይመለሳል፤ ደንበኛዋ ከአሠሪ ጋር የምትኖር ከሆነ ወረቀት መደበቂያ የላትም። በስልኳ የአንድ ደቂቃ ድምፅ መቅዳት ይተካዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሐዘን ላይ ላለ ሰውና እውነተኛ አደጋ ላይ ላለ ሰው ይህን ዘዴ አይጠቀሙበት። ባሏ የሚመታት ሴት ፍርሃት የሚመረመር ትንበያ አይደለም፤ ዕውቀት ነው።

ዕቅዱ

በጆን ዊትሞር መጽሐፍ የተስፋፋው አራት ደረጃ (ግብ፣ ያለው ሁኔታ፣ አማራጭ፣ ውሳኔ) በየሥልጠናው ስለሚነገር እዚህ አናረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ ብዙ ኮች ግቡ ላይ 40 ደቂቃ ይፈጅና ውሳኔውን በሩ ላይ ቆሞ ይጨርሰዋል። የመጨረሻዎቹ 15 ደቂቃዎች ለውሳኔ ይጠበቁ።

ውሳኔው ደግሞ ፒተር ጎልዊትዘር ባጠናው «እንዲህ ሲሆን እንዲህ አደርጋለሁ» በሚለው ቅርጽ ይነገር። «ከዚህ በኋላ ቶሎ እተኛለሁ» ዕቅድ ሳይሆን ምኞት ነው። «የማታው ዜና ሲያልቅ ስልኩን ሳሎን ትቼ ወደ መኝታ እሄዳለሁ» ዕቅድ ነው፤ መቼና የት የሚለው አብሮት አለ። «እግዚአብሔር ከፈቀደ» ወይም «ኢንሻአላህ» ሲባል እንደ ማምለጫ ቆጥረው አይከራከሩ፤ አክብረው ይቀጥሉበት፦ «እሱ ከፈቀደ፣ አንተ ማክሰኞ በስንት ሰዓት ትጀምራለህ?»

ከውጭ አገር ደንበኛ ጋር ቀጠሮ ሲይዙ የሰዓቱን ነገር ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። «8 ሰዓት» አዲስ አበባ ላይ ከቀትር በኋላ ነው፤ ዋሽንግተን ላለው ግን ሌላ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነትም በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ይሆናል። አንድ የቀረ ቀጠሮ በይሉኝታ ምክንያት ሁለተኛውን ያስቀራል።

የሚቆምበት ቦታ

ኮች የሚሠራው ቀኑን መግፋት ከሚችል ሰው ጋር ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ አብዛኛውን ቀን የከፋው፣ ደስ ይለው የነበረውን የተወ፣ እንቅልፍና ምግብ የተዛባበት፣ ሥራ መሥራት ያቃተው ሰው ግብ ማስቀመጥ ሳይሆን መታከም ያስፈልገዋል። በአማርኛ ደግሞ ድብርት ብዙ ጊዜ በሥጋ ቋንቋ ይመጣል፦ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤን ያፍነኛል»፣ «ሰውነቴ ዛለ»፣ «ጨጓራዬ ነው»። ይህን ሲሰሙ አይተርጉሙ፤ መጀመሪያ ሐኪም እንዲያየው ይጠይቁ፣ የሥጋ ሕመምም ሊሆን ይችላልና።

ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፣ ተከታተሉኝ እያለ የሚሸሽ፣ ለቀናት ሳይተኛ ኃይል የሞላው፣ ያለፈ ጥቃት በድንገት እየመጣ ሰውነቱን የሚያንቀጠቅጠው ሰው፣ እነዚህም የኮች ሥራ አይደሉም። በተለይ ከዓረብ አገር ከደረሰባቸው በደል ጋር የተመለሱ ሴቶችን «እስቲ ሁሉንም ንገሪኝ» ብሎ ማስቆፈር ያቆስላል። በየቀኑ በብዛት ሲጠጣ የኖረ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ አቆምኩ» ሲልም ማጨብጨብ አይገባም፤ በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥና እንደሚጥል በሽታ ያለ መውደቅ ሊያስከትል ስለሚችል ከሐኪም ጋር የሚደረግ ነው።

ራስን ስለ ማጥፋት አማርኛ በዙሪያው ይሄዳል፦ «በተኛሁበት በቀረሁ»፣ «መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ»፣ «መኖር ሰልችቶኛል»፣ «ልጆቼን አደራ»። አንዳንዱ የምሬት አነጋገር ብቻ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ያለው መንገድ አንድ ነው፤ በግልጽ መጠየቅ። «እንዲህ ሲከብድሽ ራስሽን ለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ?» መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ አይተክልም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም እፎይታ ነው። «አይ፣ ኃጢአት ነው» የሚለው መልስ ጥያቄውን አልቋጨውም፤ ሐሳቡ መጥቶ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቁ። አዎ ካለች፦ ዕቅድ አለ? መንገዱ በእጇ ነው? ከዚህ በፊት ሞክራ ታውቃለች? ዕቅድና መንገድ ካለ ብቻዋን አይተዋት፣ የምታምነውን ሰው አብራችሁ ጥሩ፣ አደገኛውን ነገር ከአጠገቧ ያስወግዱ፣ በአቅራቢያው ወዳለ የድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። አሜሪካ ያለ ደንበኛ 988 መደወል ይችላል። ደንበኛው በኦንላይን ከሆነ ያለበትን አድራሻና የሚጠራ ሰው ስልክ በመጀመሪያው ቀን መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ጊዜ ነው።

ወደ ሌላ ባለሙያ መላክ

አዲስ አበባ ውስጥ «አማኑኤል ሂድ» ስድብ ነው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለአገሪቱ የሠራው ሥራ ሌላ፣ ስሙ በሰፈር ቋንቋ የያዘው ትርጉም ሌላ። ስለዚህ ምን እንዳዩ ይናገሩ እንጂ የበሽታ ስም አይስጡ፦ «ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀን ሦስት ሰዓት ነው የተኛኸው፤ ሥራም ቀርተሃል። ይህ ከእኔ ሙያ በላይ ነው፤ የሚችለው ሌላ ባለሙያ አለ። እኔ አልጠፋም፤ ስትመለስ እንቀጥላለን።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ወሳኝ ነው። ሰው የተላከ ሳይሆን የተባረረ የሚመስለው እሱ ሲጎድል ነው።

ከመጀመሪያው ደንበኛዎ በፊት ቢያንስ ሦስት ስም ይኑርዎት፦ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ አንድ የአእምሮ ሐኪም፣ አንድ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል። ሄደው ይተዋወቋቸው፤ ወረፋቸውንና ክፍያቸውን ይወቁ። ውጭ አገር የሚሠሩ ከሆነ አማርኛ የሚናገር ባለሙያ ከሌለ አስተርጓሚ ይቀርብ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ልጅ ለወላጁ እንዲያስተረጉም ግን አይፍቀዱ። ስልኩ በክፍሉ ውስጥ፣ ደንበኛው እያለ ቢደወል ይሻላል፤ «ቁጥሩ ይኸውልህ» ተብሎ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ አይደውልም።

ጸበልን በተመለከተ፦ ደንበኛው ጸበል እየሄደ ከሆነ ከሐኪም ጋር አያወዳድሩት። ሁለቱን ካፎካከሩ የሚሸነፉት እርስዎ ነዎት፣ የሚጎዳው እሱ። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «መድኃኒቱን እየወሰድክ ነው የምትጠመቀው?» አቁሞ ከሆነ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ ያበረታቱ፤ ከፈቀደ የሚያምኑትን አባት ማነጋገርም ይረዳል።

ኮቹንስ ማን ያየዋል?

ሱፐርቪዥን ከሥልጠና የተለየ ነው፤ ከሜንተር ኮቺንግም እንዲሁ። ሜንተር ክህሎትዎን ይመዝናል፤ ቅጂ ሰምቶ «እዚህ ቸኮልክ» ይላል። ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የመጀመሪያውን የብቃት ማረጋገጫ ለሚፈልግ ሰው ቢያንስ በሦስት ወር ውስጥ የተከፋፈለ 10 ሰዓት የሚጠይቀው ይህን ነው። ሱፐርቫይዘር ግን የሚያየው ደንበኛውን፣ እርስዎንና በመካከላችሁ ያለውን ነገር ነው። የአውሮፓው የሜንተሪንግና ኮቺንግ ምክር ቤት መለኪያ በየ35 የሥራ ሰዓቱ አንድ ሰዓት፣ ቢያንስ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ አንድ ሰዓት ነው። ለጀማሪ በወር አንድ ጊዜ እንላለን።

አንድን የኮቺንግ ሥራ ከሰባት አቅጣጫ የሚያየው፣ የፒተር ሆኪንስ ሰባት ዓይኖች የሚባለው አካሄድ ለሱፐርቪዥን ዝግጅት ይጠቅማል፤ ሰባቱን መሸምደድ ግን አያስፈልግም። ከቀጠሮው በፊት አንድ ገጽ ይጻፉ፦ ደንበኛው ምን አለ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ በመካከላችን ምን ይሰማል፣ እኔን ውስጤ ምን ነካኝ፣ ከበስተጀርባ ማን አለ (አለቃ፣ ቤተሰብ፣ ከፋይ)። ለየት የሚለው ዓይን በሱፐርቪዥኑ ክፍል ውስጥ የሚደገመውን የሚያየው ነው። ደንበኛዎ ሁሉን ነገር በጥድፊያ የሚናገር ከሆነ፣ እርስዎም ስለ እሱ ሲያወሩ ሱፐርቫይዘሩን እያጣደፉ ራስዎን ያገኙታል።

ይዘው የሚቀርቡት ጉዳይ ይምረጥ፤ የሠመረልዎትን ቀጠሮ አያምጡ። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ አንድ ደንበኛ ሌሊት ትዝ ይልዎታል፤ የእሱ ሰዓት ሁልጊዜ 20 ደቂቃ ያልፋል፤ ሒሳብ መጠየቅ አፈሩ፤ ገንዘብ አበደሩ፤ ወይም ቀጠሮ ሲሰርዝ ደስ አለዎት። ሠርግ መጠራትና ለልጅ ክርስትና እናት ሁኚ መባልም ይመጣል። ይህ በእኛ ባህል ከፍ ያለ ክብር ስለሆነ በስልክ ላይ «አይሆንም» አይባልም፤ «አስቤበት ልመልስልሽ» ብለው ወደ ሱፐርቫይዘር ይውሰዱት።

በአማርኛ የሚሠራ ሱፐርቫይዘር ማግኘት ከባድ ሊሆን ይችላል። በሌላ ቋንቋ በኦንላይን መሥራት ይቻላል፤ ግን ደንበኛው ያለውን ዐረፍተ ነገር መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፉት፣ ከዚያ ያስረዱት። «ሆዴ ባባ» ተተርጉሞ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ይቀራል።

ከዚህ ጎን ለጎን የአራት ኮቾች ቡድን ይመሥርቱ፤ በወር አንድ ጊዜ፣ 90 ደቂቃ። መግቢያና መዝጊያው 10፣ 10 ደቂቃ፤ በመካከል ሁለት ጉዳይ፣ ለእያንዳንዱ 35 ደቂቃ። አቅራቢው 7 ደቂቃ ይናገራል፤ 5 ደቂቃ የማብራሪያ ጥያቄ ብቻ፤ ቀጥሎ 13 ደቂቃ ሌሎቹ እርስ በርስ ሲነጋገሩ አቅራቢው ዝም ብሎ ይሰማል፤ 7 ደቂቃ ይመልሳል፤ በ3 ደቂቃ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገራል። ተራው እንደ ዕቁብ ይሁን፤ የደረሰው አይዘልም። ያለ ዝምታው ደንብ ቡድኑ በሁለተኛው ወር የምክር ገበያ ይሆናል። ያለ ተራው ደንብ ደግሞ ሁሉም «የእኔ ደህና ነው» ይላል፤ ይሉኝታ ኮቾችንም ይይዛልና። ቡድኑ ሱፐርቫይዘርን አይተካም፤ አራት ጓደኛሞች አንድ ዓይነት ነገር ላይ አብረው ሊታወሩ ይችላሉ።

ቴሌግራም

አብዛኛው የወሰን ጥሰት የሚጀምረው በክፍሉ ውስጥ አይደለም፤ ሌሊት 5 ሰዓት በሚመጣ የድምፅ መልእክት ነው። በውሉ ላይ ይግባ፦ ቴሌግራም ለቀጠሮ ብቻ፤ መልስ በሥራ ሰዓት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ ግን ኮቹ ሳይሆን የተጻፈው የድንገተኛ ቁጥር። ረጅም የድምፅ መልእክት ከመጣ «ደርሶኛል፤ ሐሙስ ከዚህ እንጀምራለን» ብለው ይመልሱ፣ ሐሙስም በእውነት ከዚያ ይጀምሩ። ማስታወሻዎችን በስም ሳይሆን በቁጥር ይያዙ፤ የቁጥሩና የስሙ ዝርዝር ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ስልክዎን ልጆች የሚጫወቱበት ከሆነ የደንበኛ ቅጂ እዚያ ስልክ ላይ አይደር።